ስንጥቅ የሌለው ዓምድ

ጥቅምት 3

ወንድምዓለም፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። የካምፓችሁ ሾፌር ከሳሙና ካርቶን ሥር አድርጎ ስላመጣው ሳልከፍተው ነው የሸተተኝ፤ ግድብ ሥራ ላይ ያለ ለሳኝ ሳይሆን ሙሽራ የጻፈው መሰለኝ። እንደምን ሰነበትክ? ካምፑ፣ ምግቡ፣ ያ የሚያንኮራፋው ጓደኛህ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከእኔ ጋር ተቻችሎ ይኖራል። "ከሁሉ በፊት የአንቺን ደህንነት" ብለህ ጀምረህ የቀረውን ሁለት ገጽ ስለ ሕንፃው ብቻ መጠየቅህ ግን ሳያስቀኝ አልቀረም። እህትህ እኔ ነኝ ወይስ ሕንፃው?

እሺ፣ የሰማኸው እውነት ነው። የሟቹ ባለቤት ልጅ፣ እኛ ወራሹ የምንለው፣ ሕንፃውን ሊያድስ ተነሥቷል። ፊቱ ከጣሪያ እስከ መሬት በመወጣጫ ብረት ታጥሮ አረንጓዴ መረብ ለብሷል። የእንጨቱ ሰገነት ወርዷል። የመስኮቶቹ መዝጊያዎች ተነቅለው አንድ ወጥ መስተዋት ገብቶባቸዋል። ከላይ ጀምሮ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሰሌዳ እየለበሰ ነው። ፎቅ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች "ሙሽራ ቤት ገባን" ይላሉ። ጎረቤቴ ሰዓት ጠጋኙ ግን በየጠዋቱ ተሻግሮ ቆሞ ያየውና "አሮጊት ጥርስ ስታስተክል አየሁ" እያለ ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት የማውቀው በር ላይ ስደርስ እኔም አንዳንዴ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

"የትኛው ዓምድ ነው የሚነሣው?" ብለህ ሁለት ጊዜ ጠይቀሃል፤ በሁለተኛው ላይ ብዕርህ ወረቀቱን በስቶታል። ከግራ ሲቆጠር ሦስተኛው ነው። ለሰፊ መግቢያ ይፈለጋል ተብሎ የቅርስ ቢሮው ፈቅዷል፤ በድሮ ጊዜ ሚስማር እንኳ የማያስመታን ቢሮ! አምስቱ ይቀራሉ። የእኔ ሱቅ መስኮት አጠገብ ያለው አራተኛውም ይቀራል። እንዲያውም መሐንዲሱ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ በመዳፉ መታ መታ አድርጎት "እትዬ፣ ከስድስቱ ጤነኛው ይኼ ነው። አንድ ስንጥቅ የለበትም። የሦስተኛውን ሸክም ወደዚህ ነው የምናዞረው" አለኝ። ኮራሁልህ። የወንድሜ ልስን ነው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስልክ ተደወለለትና ሄደ።

ካልሲ ልኬልሃለሁ። ጥቁሩን ለሥራ፣ ግራጫውን ለዕረፍት ቀን።

እህትህ

*

ጥቅምት 12

እታለም፣

ሰላምታዬ እንዳለሽበት ይድረስሽ። ካልሲው ደርሶኛል፤ ሁለቱንም ደርቤ ነው የምጽፈው። ደብዳቤው ስላጠረ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሲሚንቶ ጣቶቼን ልጧቸዋል፤ ብዕር ስይዝ ይደማሉ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ሱቁን ለአንድ ወር ዝጊና አክስታችን ጋ ሂጂ። እርጅና ላይ ናት፤ ጠያቂ ትፈልጋለች። አንቺም ዕረፍት ካየሽ ዓመታት ሆነሽ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ ደክሞሻል ብዬ ነው።

የማትሄጂ ከሆነ ደግሞ ከአራተኛው ዓምድ ጋር የተያያዘውን የክር መደርደሪያ ነቅለሽ ወደ ኋላው ግድግዳ አዙሪው። አንቺም ከኋላ ተቀመጪ። መስኮቱ ጋ አትቀመጪ። ብርሃን ለዓይን ጥሩ አይደለም ይባላል።

ሦስተኛውን የሚያነሡት መቼ ነው? ቀኑን ጻፊልኝ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ቀኑን አትርሺ።

ልመጣ ነበር፤ ፈቃድ ከለከሉኝ።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 21

ወንድምዓለም፣

ሁለት ወረቀት በአንድ ቀን ደረሰኝ፤ ደብዳቤህና ከዚያ በኋላ በውሃ መኪናው የላክኸው ቁራጭ። አክስታችን ባለፈው ወር "ያቺ ልጅ እንዳትመጣብኝ፣ ዕቃዬን ታስተካክልብኛለች" ብላ እንደላከችብኝ ረስተኸዋል። ብርሃን ለዓይን ጥሩ አይደለም ያለህን ሰው ደግሞ አሳየኝና ልሳቅበት። መርፌ ክር ሻጭ ከመስኮት ርቃ የት ትቀመጥ?

የቁራጯን ወረቀት ጥያቄዎች ግን ስመልስ ሳቄ እየቀነሰ ነው የሄደው። በተራ ልንገርህ።

መዝጊያው ይጋፋል ወይ ብለሃል። ይጋፋል። በፊት በአንድ እጄ የማወርደውን የብረት መዝጊያ አሁን ሰዓት ጠጋኙ ካልተጫነልኝ አይወርድም። በስተቀኝ ያለው ሐዲድ ጠቦታል።

መሳቢያ ራሱ ይከፈታል ወይ ብለሃል። የዚፑ መሳቢያ ይከፈታል። ማታ ዘግቼው ጠዋት ተከፍቶ ሳገኘው አይጥ ነው ብዬ ወጥመድ ገዛሁ።

ያልጠየቅኸኝን ልጨምርልህ። ዘወትር ከእጄ አዝራር ይወድቃል፤ የወደቀበት ሲቀመጥ ነው የኖረው። ከዚህ ሳምንት ወዲህ ወደ መስኮቱ ይንከባለላል። ትናንት አንዲት ደንበኛ የካፖርት አዝራር ጣለችና ሁለታችንም ቆመን አየነው፤ ወለሉን አቋርጦ ሄዶ አራተኛው ዓምድ ሥር ቆመ። "እትዬ፣ አዝራሮችሽ መራመድ ለመዱ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስትወጣ ግን አንሥቼ እንደገና ጣልኩት፤ እዚያው ሄዶ ቆመ። ሰዓት ጠጋኙም ያ ትልቁ ባለ ተወዛዋዥ ሰዓት እየቆመበት ተቸግሯል። በሥሩ ካርቶን አጥፎ ያስተካክለዋል፣ ሦስት ቀን ይሄድና እንደገና ይቆማል። ሦስተኛ ካርቶን ላይ ደርሷል።

መሐንዲሱን ጠየቅሁት። "አዲስ ሰሌዳ ሲሰቀል ሕንፃ ትንሽ ይቀመጣል፤ የተለመደ ነው" አለኝ። የሦስተኛውን ዓምድ ልስን ገፈው ገሚሱን ጠርበውታል፤ ዙሪያውን የድጋፍ ብረት አቁመዋል። አናቱ ላይ ወፍራም ብረት አግኝተው ተደስተዋል። "የድሮ ሰዎች አይቆጥቡም፤ ማጠናከሪያ ነው" ብለው ነው። የሚያነሡት ኅዳር 25 ነው። እነሆ፣ ቀኑን አልረሳሁም።

ሌላ ወሬ፤ ያቺ የእናታችንን መቀስ የወሰደችብኝ የድሮ ሠራተኛዬ ትናንት በዚህ አለፈች። ከዳቦ ቤቱ በር ቆማ ሕንፃውን አንጋጥጣ አየችው፤ እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ አስታማሚ ሆኜ አክስታችን ጋ በሄድኩበት ሳምንት ቁልፉን አምኜ ሰጥቻት፣ ያን የሚያህል መቀስ አጥፍታ፣ ኩርፊያውም የእሷ ሆነ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀህ መሳቢያዬ መከፈቱን እንዴት አወቅህ? ምን አድርገሃል?

እህትህ

*

ጥቅምት 30

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ሱቁ ውስጥ አታንብቢው። ተሻገሪና ዳቦ ቤቱ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጪ። ከተቀመጥሽ በኋላ ቀጥዪ።

አራተኛው ዓምድ ዓምድ አይደለም።

አንቺ አክስታችንን ልታስታምሚ በሄድሽበት ሳምንት ነው የሠራነው። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ያኔ መሃል አዳራሹን የያዘው ጨርቅ ነጋዴ ሰፊ በር ፈለገ፤ ባለቤቱም "ልስን ይታደሳል" ብሎ እውነተኛውን አራተኛ ዓምድ በሸራ ጋርዶ አስነሣው። እኔና አለቃዬ ነን ያነሣነው። ሸክሙን እንዲይዝ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው አግዳሚ ብረት ዘረጋንና በልስን ሸፈንነው። አሁን "ማጠናከሪያ ነው" ብለው የተደሰቱበት ብረት ያ ነው። ቤቱን አሥራ ሁለት ዓመት ያቆመው እሱ ነው፤ አንድ ጫፉ የተቀመጠው ደግሞ አሁን በሚጠርቡት በሦስተኛው ላይ ነው።

ከዚያ የቅርስ ቢሮው መርማሪ ሊመጣ ነው ተባለ። የሕንፃው ፊት አንድ ጣት ቢቀየር እስር አለበት። ባለቤቱ እየሮጠ እኛ ጋ መጣ። አለቃዬ ነፍሱን ይማረውና ሳቀ። "ቢሮው የሚያየው ፊቱን ነው፤ ፊቱን እንሥራለታ! ውስጡን ለቄስ" አለ። ሳንቃ አቆምን፣ ወንፊት ሽቦ ጠቀለልንበት፣ በጀሶና በኖራ ለሰንነው። የአናቱን የቅጠል ጌጥ ከሦስተኛው ላይ በጭቃ ቅርጹን ወስጄ በእጄ ነው የጨረስኩት። የዝናቡን ዕድፍ ሳይቀር በሻይ ቅራሪ ቀባሁለት። መርማሪው ከፊቱ ቆሞ ፎቶ አነሣው። እታለም፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ዓምድ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ስኮራበት ነው የኖርኩት። ሰው ሁሉ በሥሩ ሲያልፍ ቆሜ አይ ነበር።

መሐንዲሱ ስንጥቅ የለበትም ያለው እውነቱን ነው። ተሸክሞ ስለማያውቅ ነው።

አሁን ሸክሙን ወደ እሱ ሊያዞሩ ነው። ከላዩ አሥራ ስምንት ሴቶች ከነስፌት መኪናቸው አሉ። ሥሩ አንቺ አለሽ።

ለመሐንዲሱ ንገሪው። ማስረጃ አምጪ ካለ ያንኳኳው፤ ባዶ መሆኑን ይሰማል። ከማን ሰማሽ ካለሽ ከአንድ የድሮ ሠራተኛ በይ። ስሜን አታንሺ። ባለቤቱ ሞቷል፣ አለቃዬ ሞቷል፤ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም በእኔ ላይ ነው የሚወድቀው። ፈሪ ነው በይኝ። ነኝ።

ይህን ልጽፍ ከተነሣሁ ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሎኛል። መልስሽን ቶሎ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 8

ወንድምዓለም፣

በል ብላ። ምግብህን ብላና ሁለተኛ እንዲህ አታስደንግጠኝ።

ያልከውን አደረግሁ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ደረጃውን ወጥቼ ልብስ ሰፊዎቹን "ውጡ" አልኳቸው። መኪና አጥፍተው፣ ከነመርፌ ማሰኪያቸው ወረዱ። ሰዓት ጠጋኙም ትልቁን ሰዓት እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። መንገድ ዳር ቆመን መሐንዲሱን አስጠራሁት። ወራሹም መጣ።

መሐንዲሱ አልተቆጣም። መዶሻ አስመጣና ዓምዱን ጉልበቱ ላይ መታው። ወገቡ ላይ መታው። ደረቱ ላይ መታው። ዞሮ ከጀርባው መታው። ደነዝ ድምፅ ነው የሚሰጠው፤ እንደ አለት። "እትዬ፣ ነይ አንቺም ምቺው" አለኝ። መታሁት። እጄ እስካሁን ያመኛል።

ወራሹ በሰው ፊት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አዝራር መሸጥ ሰለቻትና ምህንድስና ከፈተች።" ሁሉም ሳቀ። ልብስ ሰፊዎቹም ሳቁ፤ ግማሽ ቀን ተቆርጦባቸው እንኳ ሳቁ። አለቃቸው ሴትዮ ግን አልሳቀችም። "እህቴ፣ ሌላ ጊዜ ጩኸትሽን ለእሳት አቆይው" ብላኝ ወደ ፎቅ ተመለሰች።

የነገረኝ የድሮ ሠራተኛ ነው አልኩ፤ ስምህን አላነሣሁም። ሰዓት ጠጋኙ ዓይኔን አየና ሰዓቱን አቅፎ ተመልሶ ገባ።

ዓምዱን ተሳስተህ ይሆናል። ወይም አለቃህ አንተ ሳታየው በኋላ አስተካክሎት ይሆናል። ብቻ ሙሉ ነው። ተመስገን ሙሉ ነው። ሱቄን ከፍቻለሁ። መደርደሪያውን ግን ወደ ኋላ አዙሬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አዝራሩ ዛሬም ይሄዳል። ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፌበታለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 16

እታለም፣

ውጪ። አሁኑኑ ውጪ። ከዚያ አንብቢው።

የነዳጅ መኪናው ሊነሣ ነው፤ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው። ስልክ የሚሠራበት ቦታ እንደደረሰ ደውሎ ውጪ እንዲልሽ ለምኜዋለሁ።

ረሳሁት። ምን ብዬ እንደማስረዳሽ አላውቅም፤ ረሳሁት። ዓምዱን እስከ ደረት ድረስ ድንጋይና ሲሚንቶ ሞልተነዋል። አለቃዬ "ሰው የሚያንኳኳው እጁ እስከደረሰበት ነው፤ መሰላል ይዞ የሚመጣ መርማሪ የለም" ብሎ ነው። ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ውሸቴን ከማሳመሬ ብዛት እኔው ራሴ አመንኩትና ባዶነቱን ብቻ አስታወስኩ። ከደረት በላይ ባዶ ነው። ሳንቃና ጀሶ ነው። መሰላል ላይ ወጥተው ከሰው ቁመት በላይ ይምቱት።

አሁን እንደማያምኑሽ አውቃለሁ። የሚያምኑበትን ልንገርሽ። ይህን መናገር ከዓምዱ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ያን ሳምንት ቱምቢዬ ጠፋ። ልስኑ ቀጥ ማለቱን የምለካበት ክብደት ያስፈልገኝ ነበር። የሱቅሽን ቁልፍ ከሠራተኛሽ ተዋስኩና የእናታችንን መቀስ ወሰድኩ፤ ከዕቃዎችሽ ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር። በጥቁር የካፖርት ክር ከአናቱ ወደ ውስጥ አንጠለጠልኩት። ከአራቱም ጎን እኩል አራት አራት ጣት ይርቅ ነበር፤ ያን ያህል ቀጥ ያለ ነበር። የመጨረሻውን ሳንቃ ስንመታ ውስጥ ቀረ። ላፈርሰው ስል አለቃዬ "መርማሪው መጥቷል" አለ።

ስትመለሺ ያቺን ሴት ሌባ ስትያት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። ቁልፉን ለእኔ እንደሰጠች አልተናገረችም፤ እኔ እስክናገር ትጠብቅ ነበር። አልተናገርኩም። አሥራ ሁለት ዓመት።

ዓምዱን ከደረት በላይ ይክፈቱት። መቀሱ እዚያ ተንጠልጥሏል። የእናታችን የመጀመሪያ ፊደል እጀታው ላይ ተቀርጿል። ከዚያ በላይ ማስረጃ የለኝም።

ፈቃድ ከለከሉኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። አልጠየቅሁም። ዛሬም ሾፌሩ "ጎኔ ቦታ አለ፣ ውጣ" አለኝ። ወጣሁ። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ከፍቼ ወረድኩ። እግሬ ነው የወረደው።

ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከታች ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ይወቁት።

*

ኅዳር 24

ወንድምዓለም፣

በሕይወት አለሁ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩልህ እስከ መጨረሻው በሰላም እንድታነብ ነው። ልብስ ሰፊዎቹም አሉ። ሰዓት ጠጋኙም አለ፤ ሰዓቱን አቅፎ እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል።

ከእንግዲህ ስልክ ሲጮህ እየዘለልኩ ነው የምኖረው። የነዳጅ መኪናው ሾፌር የደወለው ኅዳር 20 ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። "ወንድምሽ... ውጪ..." አለና ጠፋ። ሞትክ መሰለኝ። ወንድምሽ ከዚህ ዓለም ወጣ ያለኝ መሰለኝ። ሦስት ቀን እንደዚያ ነው የቆየሁት። ሱቁን ዘጋሁ፤ ሰው ግን በሐዘኔ የዘጋሁ መሰለው እንጂ ከሕንፃው የወጣ የለም። ደብዳቤው ትናንት ጠዋት ደረሰ። ጽሕፈትህን ሳይ አለቀስኩ፤ ሳነበው ደግሞ በሕይወት በመኖርህ ልመታህ ፈለግሁ።

ቀጥታ ወደ ፎቅ ነው የወጣሁት። በዚህ ጊዜ "ውጡ" አላልኩም። መሃላቸው ቆሜ አነበብኩላቸው፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ስጨርስ አለቃቸው "የእናትሽ መቀስ?" አለች። አዎ አልኳት። "ሰው በእናቱ መቀስ አይቀልድም" አለችና ሽርጧን ፈታች።

ወራሹ አሻፈረኝ አለ። ከስንት ሰው ጋር ቀን ቆርጫለሁ፣ ከነገ ወዲያ ዓምዱ ይነሣል አለ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። መሐንዲሱ ግን ከእጄ ደብዳቤውን ወስዶ "እስከ ደረት" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበ። መሰላል ራሱ ተሸክሞ አመጣ።

የሆነውን ሁሉ አልጽፍልህም። ድምፁን ብቻ ልንገርህ። ከራሱ በላይ በመዶሻው እጀታ ሲመታው እንደ ባዶ በርሜል ነው የጮኸው። መንገደኛ ሳይቀር ዞሮ አየ። ጀሶውን ሰበረና በመብራት ወደ ውስጥ አየ። ቆየ። ሲወርድ ፊቱ ያንተን ልስን መስሏል።

"እትዬ፣ መቀሱ ከጎኖቹ ስንት ጣት ይርቅ ነበር ያለሽ?"

"አራት" አልኩት።

"በመንገዱ በኩል ሳንቃውን ነክቶ ቆሟል፤ ዓምዱ ወደ መንገዱ አጋድሏል" አለኝ። ይህን ያለኝ ቀስ ብሎ ነው፤ በሹክሹክታ፤ ሕንፃው እንዳይሰማ የሚጠነቀቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ለሁሉም በዚያው ድምፅ "ሳትሮጡ ውጡ" አለ። እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው የወጣነው። ወራሹ መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ነው የወጣው፤ ይህንንም ሰዓት ጠጋኙ ነው ያስተዋለው።

አሁን መንገዱ ተዘግቷል። ከምድር እስከ ሁለተኛ ፎቅ የግንድ ድጋፍ ሲያቆሙ አደሩ። ይቁም አይቁም ገና አልታወቀም። ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ ከዚህ ከዳቦ ቤቱ በር እንኳ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እናፈገፍጋለን።

መቀሱን መዝግበው መልሰው ሰጡኝ። ዛሬ ጠዋት በወረቀት ጠቅልዬ ያቺ ሴት ቤት ሄድኩ። በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ የእግርህ ነገር ያኔ ገባኝ። ስትከፍት መቀሱን ዘረጋሁላት። ተቀበለችና ከፍታ ዘጋችው። "ዝጓል" አለች። ከዚያ "ወንድምሽስ?" አለችኝ። ግቢ አላለችኝም። በሩን ግን አልዘጋችውም፤ መንገዱን እስክጨርስ ክፍት ነበር።

አሁን የአንተ ነገር። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፤ ከመሐንዲሱ እጅ ደግሞ ለፖሊስ ደርሷል። ስምህ ግን የለበትም። ፎቅ ከመውጣቴ በፊት ከታች ያለውን፣ ስምህና ፊርማህ ያለበትን፣ በሱቅ መቀስ ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ። ጸሐፊው ማን ነው ሲሉኝ "ይመጣል" ብያቸዋለሁ። ሰዓት ጠጋኙ ያውቃል፤ ሌላውም ይገምታል። መገመት ግን መፈረም አይደለም።

ቁራጩን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ልታቃጥለው ትችላለህ። ብታቃጥለውም እህትህ ነኝ፤ ካልሲም እልክልሃለሁ። ስለ ሕንፃው ግን ሁለተኛ አልጽፍልህም።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 11

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ አይደለም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነኝ፤ አደባባዩ ጥግ፣ ከተዘጋው መንገድ ወዲህ ቆሜ ነው በካርቶን ላይ የምጽፈው። ይታየኛል። የሕንፃው ሰሌዳ ተገፍፏል፤ መስተዋቱም ወርዷል። ፊቱ ሁሉ ግንድ ተደግፎበታል። ያኔ በሻይ ቅራሪ የቀባሁት ዕድፍ በአራተኛው ላይ አሁንም አለ፤ ከእውነተኛው ዝናብ መለየት አቃተኝ። አናቱ ሥር የተከፈተው ቀዳዳ ይታየኛል። ከቅጠሉ አንዱም አልተሰበረም። መሐንዲሱ ተጠንቅቆለታል። ለምን እንደተጠነቀቀለት አላውቅም፤ ይህ ነው ያስለቀሰኝ።

አንቺም ትታይኛለሽ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተሽ አዝራር ትሸጫለሽ። ከሳሽ። ሰዓት ጠጋኙ አጠገብሽ ነው። አንዲት ሴት መጥታ ክር መረጠች፤ ስትዞር አየኋት። እሷ ናት። እንደ ደንበኛ ክር ገዝታ ስትሄድ አንቺ ቆመሽ ነው የሸኘሻት።

አንድ ፖሊስ ገመዱ ጋ ቆሟል። ከእኔ እስከ እሱ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ከአሥረኛው ላይ ተመልሻለሁ። እጅግ ፈርቻለሁ፣ እታለም። ፍርሃቴ ይለቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር፤ አይለቅም። እንዳለ ይዤው ነው የምሻገረው።

መጀመሪያ አንቺ ጋ እመጣለሁ። ይህን ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ አኖራለሁ። ፖሊሱ ጋ ደርሼ እስክጨርስ አትናገሪኝ፤ ከተናገርሽኝ እቀመጣለሁ፤ ከተቀመጥኩ አልነሣም። ከዚያ ወደ ገመዱ እሄዳለሁ።

ስሜ ያለበት ቁራጭ ኪሴ ውስጥ ነው። ከደብዳቤው ጋር አጋጥመው ይዩት። ጠርዙ ይገጥማል።